ስለ «ፖዴር»፤ የእስፓኝኛው ግሥና የዐማርኛው ተርጓሚ

የባዕድ ቋንቋ ለመማር የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚይዛቸው ግሦች ጥቂቶች ናቸው። መሆን፥ መኖር፥ መሄድ፥ መፈለግ፥ መቻል። እነዚህ በየገጹና በየመሥመሩ ስለሚገኙ ተማሪው ቶሎ የጨረሳቸው ይመስለዋል። ዳሩ ግን ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው፥ ተርጓሚን የሚጥለው በመዝገበ ቃላት ተፈልጎ የሚገኘው እንግዳ ቃል ሳይሆን ያው የተለመደው ግሥ ነው። እንግዳውን ቃል ይጠራጠረዋልና ይመረምረዋል፤ የተለመደውን ግን እንደ ቤቱ ሰው ቈጥሮ ሳይጠይቀው ያሳልፈዋል። እስፓኞች «ፖዴር» የሚሉት ግሥ ከዚህ ወገን ነው።

መዝገበ ቃላቱ «ፖዴር ማለት መቻል ነው» ብሎ በአንድ ቃል ይገላግለናል። ሐሰትም አይደለም። ያ ቃል ከላቲን ወርዶ እስፓኝኛ እንደ ሆነ ሁሉ፥ የእኛም «ቻለ» ከግእዙ «ክህለ» የተወለደ ነው። እግዚአብሔርን በግእዝ «ከሃሌ ኵሉ»፥ በዐማርኛ «ሁሉን ቻይ» እንደምንለው፥ እስፓኞችም ከዚሁ ግሥ አውጥተው «ቶዶፖዴሮሶ» ይሉታል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ግሦች ወንድማማች ይመስላሉ። ከአምላክ ወርደን ወደ ሰው ስንመጣ ግን መንገዳቸው ይለያያል። በእስፓኝኛ «ፖዴሮሶ» የተባለ ሰው ባለሥልጣን ወይም ባለጠጋ ነው። በዐማርኛ «ቻይ» የተባለ ሰው ግን መከራውን፥ ስድቡን፥ የጎረቤቱን ክፉ ጠባይ ታግሦ የሚኖር ሰው ነው። አንዱ ቋንቋ ከመቻል ውስጥ ማዘዝን አወጣ፤ ሌላው መታገሥን አወጣ። እርግጥ ነው፥ እኛም ሥልጣንን ከዚህ ግሥ ፈጽመን አላራቅነውም፤ ዳኛ ተቀምጦ የሚፈርድበትን «ችሎት» የምንለው ከዚያው ከ«ቻለ» ወስደን ነው። እስፓኙም በበኩሉ ትዕግሥቱ ሲያልቅ «ኖ ፑዌዶ ማስ» ይላል፤ «ከዚህ በላይ አልችልም» እንደምንለው ያለ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ አርእስቱ አንዲት ፊደል ሳይለወጥ «ኤል ፖዴር» ተብሎ ስም ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ፍቺው ሥልጣን፥ ኃይል፥ መንግሥት ይሆናል። ለጠበቃ ወይም ለእንደራሴ የሚሰጠው የውክልና ጽሑፍ እንኳ በዚህ ስም ይጠራል። የጓቴማላው ሚጌል አንሄል አስቱሪያስ በ1946 «ኤል ሴኞር ፕሬሲዴንቴ»ን፥ የፓራጓዩ አውጉስቶ ሮአ ባስቶስ በ1974 «ዮ ኤል ሱፕሬሞ»ን፥ የኮሎምቢያው ገብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ በ1975 «ኤል ኦቶኞ ዴል ፓትሪያርካ»ን ሲያሳትሙ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው)፥ ሦስቱም የጻፉት ስለዚህ ስም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእነዚያ አገሮች ተወልዶ ቋንቋውን ከእናቱ የተማረ ልጅ፥ «እችላለሁ» ለማለት የሚጠቀምበት ቃልና ቤተ መንግሥቱን የያዘው ኃይል ስም አንድ ሆኖ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ዕለታዊው አነጋገር እንመለስ። እኛ «ዋና ይችላል»፥ «ፈረንሳይኛ ትችላለች»፥ «መኪና መንዳት እችላለሁ» እንላለን፤ ሁሉንም በ«ቻለ» እናደርገዋለን። እስፓኙ ግን ተምሮ ያገኘውን ጥበብ የሚናገረው «ሳቤር» ማለት «ማወቅ» በሚለው ግሥ ነው። «ሳቤ ናዳር» ቢል፥ ዋና ያውቃል ማለቱ ነው። «ፑዌዴ ናዳር» ቢል ግን፥ የዋና ዕውቀቱ የታወቀ ሆኖ ዛሬ የተሰበረው ክንዱ ድኖለታል፥ ወይም የወንዙ ሙላት ጐድሏል፥ ወይም አባቱ ፈቅደውለታል ማለቱ ነው። ዋናተኛ እጁን ታስሮ ወንዝ ዳር ቢቆም «ሳቤ» ይባልለታል እንጂ «ፑዌዴ» አይባልለትም። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ዐማርኛ ተናጋሪ፥ እስፓኝኛ መቻሉን ለመናገር ሲል ብቻ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይሰናከላል።

ግሡ ያለ ባለቤት ሲነገርም ልብ ሊባል ይገባል። እስፓኝ ሰው በር ላይ ደርሶ ለመግባት ሲሻ «ሴ ፑዌዴ?» ይላል፤ ቃል በቃል «ይቻላል?» ማለት ነው። ማን እንደሚችል፥ ምንስ እንደሚቻል አልተናገረም፤ በሩና አቋቋሙ ይናገሩለታል። የእኛ ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ የሚጠራው ነዋሪዎቹን ነው፤ እስፓኙ የሚጠይቀው ግን ነገሩ ራሱ የሚቻል መሆኑን ነው። በ1972 በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት የእርሻ ሠራተኞች መሪ የነበረው ሴሳር ቻቬስ በጾም ላይ ሳለ፥ «እዚህ አገር አይቻልም» ላሉት ሰዎች የትግል ጓደኛው ዶሎሬስ ዌርታ «ሲ፥ ሴ ፑዌዴ» ብላ መለሰች፤ ቃሉም የሠራተኞቹ መፈክር ሆኖ ቀረ። በእኛም አገር አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያዘወተረው «ይቻላል» አሠራሩ አንድ ነው። ሁለቱም «እኔ» አይሉም፥ «እኛ»ም አይሉም፤ ባለቤቱ ስላልተጠራ የሰማው ሁሉ ራሱን ሊያስገባበት ይችላል። ባራክ ኦባማ በ2008 ለምርጫ ሲወዳደሩ ተመሳሳዩን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ሲናገሩት ግን «እኛ» ማለት ግድ ሆኖባቸዋል፤ ቋንቋው ባለቤት ሳይጠራ ይህን መናገር አያመቸውምና።

ችሎታ ከሌለው ነገር ጋር ሲነገር ደግሞ «ፖዴር» ትርጓሜው ከመቻል ወጥቶ ወደ መጠራጠር ይሻገራል። «ፑዌዴ ዮቬር» ማለት «ሊዘንብ ይችላል» ነው። ዝናብ ምን ችሎታ አለው ቢባል፥ ምንም የለውም፤ የማያውቀው ተናጋሪው ነው። እስፓኝኛ ለዚህ ጥርጣሬ ሌላም መንገድ አለው፤ ይኸውም «ፑዌዴ ኬ» ብሎ ቀጥሎ የሚመጣውን ግሥ በዘንድ አንቀጽ መናገር ነው። በዚህ ጊዜ «ፑዌዴ» ከባለቤቱ ተለይቶ ብቻውን ይቆማል፤ የሚመጣው እኔም ብሆን፥ አንቺም ብትሆኚ፥ እነሱም ቢሆኑ አይለወጥም። ይህ አሠራር ለዐማርኛ ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም ነበር። «እመጣ ይሆናል»፥ «ትመጪ ይሆናል»፥ «ይመጡ ይሆናል» ስንል «ይሆናል» ሳይለወጥ ብቻውን ይቆም የለምን? «መምጣት ትችያለሽ» እና «ትመጪ ይሆናል» የተለያዩ መሆናቸውን ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ያው ልዩነት በ«ፑዌዴስ ቬኒር» እና በ«ፑዌዴ ኬ ቬንጋስ» መካከል ያለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዘመናችን ጋዜጣና ራዲዮ፥ ይልቁንም በመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ፥ «ይሆናል» እየተረሳ ጥርጣሬው ሁሉ በ«ሊ…ይችላል» እየተነገረ ነው። ዝናብ ሊዘንብ ይችላል፤ ዋጋው ሊወደድ ይችላል፤ ስብሰባው ሊዘገይ ይችላል። አነጋገሩ ስሕተት ነው አልልም፤ ነገር ግን «ደንቡን የጣሰ ሠራተኛ ሊቀጣ ይችላል» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው፥ አለቃው ለመቅጣት ሥልጣን አለው መባሉ ነው፥ ወይስ ቅጣት ይደርስ ይሆናል መባሉ ነው ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው የለም። የእስፓኝ ሕግ ጸሐፊዎች ለዳኛው ፈቃድ የተተወውን «ፖድራ»፥ የግዴታውን «ዴቤራ» ብለው ይለዩታል። በተራ ንግግር ጥርጣሬውን ለብቻው ለማውጣት ሲሹም «ፑዌዴ ኬ» አላቸው። እኛም «ይሆናል»ን ከጣልነው መለያውን በገዛ እጃችን ጣልነው ማለት ነው።

እስከዚህ ያልሁት ሁሉ የተማሪ ጉዳይ ነው። የተርጓሚው ጉዳይ የሚጀምረው ግሡ ወደ ኀላፊ ጊዜ ሲገባ ነው።

እስፓኝኛ ሁለት ኀላፊ ጊዜያት አሉት። አንዱ «ፖዲያ» ነው፤ በዚያን ጊዜ የነበረውን ሁኔታ ይናገራል፥ ነገሩ ይደረግ አይደረግ ግን አይናገርም። ሁለተኛው «ፑዶ» ነው፤ ተሞክሮ የተፈጸመውን ይናገራል። በአሉታም «ኖ ፖዲያ» ማለት ችሎታው ወይም አጋጣሚው አልነበረውም ማለት ሲሆን፥ «ኖ ፑዶ» ማለት ሞከረ፥ አልሆነለትም ማለት ነው። የትምህርት መጻሕፍቱ ይህን በሠንጠረዥ አድርገው ያስተምራሉ፤ የእንግሊዝ ልጆችም ሠንጠረዡን ለማጥናት ብዙ ይደክማሉ። እኛ ግን ልንደክም ባልተገባን ነበር። «በሩን መክፈት ቻለ» የተባለ እንደ ሆነ በሩ ተከፍቷል። «በሩን መክፈት ይችል ነበር» የተባለ እንደ ሆነ ግን በሩ መከፈቱን አላወቅንም፤ እንዲያውም ሳይከፍተው ቀረ ብለን እናስባለን። «አልቻለም» እና «አይችልም ነበር» እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ነገር እስፓኝኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለዐማርኛ ይቀርባል። እንግሊዝኛው «ኩድ ኖት» ሞክሮ ያልሆነለትንም፥ ከመጀመሪያው ዕድሉ ያልነበረውንም በአንድ ቃል ይሸፍናቸዋል። ተርጓሚያችን የእስፓኝኛን መጽሐፍ ከእንግሊዝኛው ቅጅ ላይ ሲወስድ፥ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች በማያውቃቸው አስተርጓሚ በኩል እንደሚነጋገሩ ያለ ነገር ይደርሳል።

የዚህን ጉዳት ለማሳየት ከገብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ «ክሮኒካ ዴ ኡና ሙዌርቴ አኑንሲያዳ» የተሻለ መጽሐፍ አላውቅም። ትርጓሜው «አስቀድሞ የተነገረ ሞት ዜና መዋዕል» እንደ ማለት ነው። መጽሐፉ በ1981 ታተመ፥ በ1982 ግሪጎሪ ራባሳ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ደራሲውም በዚያው ዓመት የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ታሪኩ በ1951 በኮሎምቢያ በሱክሬ ከተማ በእውነት ከደረሰ ግድያ የተነሣ ነው። ባያርዶ ሳን ሮማን የተባለ ባለጠጋ፥ አንሄላ ቪካሪዮ የተባለችውን ሙሽራ በሠርጓ ሌሊት ድንግል አይደለሽም ብሎ ወደ እናቷ ቤት መለሳት። ማን እንደ ሆነ ስትጠየቅ የሳንቲያጎ ናሳርን ስም ጠራች። መንታ ወንድሞቿ ፔድሮና ፓብሎ ዐሣማ የሚያርዱበትን ቢላዋ ይዘው ወጡ፤ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ «ልንገድለው ነው» እያሉ ተናገሩ። ከተማው ሰማ። ሳንቲያጎ ናሳር ግን በገዛ ቤቱ በር ላይ ታርዶ ሞተ።

እንግዲህ የመጽሐፉ ጥያቄ ማን ገደለው የሚል አይደለም፤ ያ ከመጀመሪያው ገጽ ታውቋል። ጥያቄው ማን ሊያድነው ይችል ነበር የሚል ነው። ነገሩ ከተፈጸመ ከ27 ዓመት በኋላ ተራኪው ወደ ከተማዪቱ ተመልሶ እያንዳንዱን ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የመቻል ግሥ የመጽሐፉ ዋልታ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፋቸው የእስፓኝኛ ዓረፍተ ነገሮች ከመጽሐፉ የተወሰዱ አይደሉም፤ ነገሩን ለማስረዳት እኔው ያቀናበርኋቸው ናቸው።

ክሎቲልዴ አርሜንታ የተባለችውን ወተት ሻጭ እንውሰድ። መንታዎቹ የሚጠብቁት ከእርስዋ ሱቅ ተቀምጠው ነው። ለባለሥልጣኑ ነገረች፤ በለማኝ ሴት እጅ ወደ ሟቹ ቤት መልእክት ላከች፤ በመጨረሻም በገዛ እጇ አንዱን ለመያዝ ታገለች። ስለ እርስዋ እስፓኙ «ኖ ፑዶ ኢምፔዲርሎ» ይላል። ዐማርኛውም ያለ ጭንቀት «ልትከለክል አልቻለችም» ነው፤ በቃሉ ውስጥ ድካሟ አለ።

የሟቹ እናት ፕላሲዳ ሊኔሮ ግን ሌላ ናት። መንታዎቹ ቢላዋ ይዘው ሲሮጡ አየች፤ ልጇ ፎቅ ላይ ነው ብለው ነግረዋት ስለ ነበር እርሱን ለማዳን ብላ የፊቱን በር በመወርወሪያ ዘጋች። ልጇ ግን በውጭ ነበር፤ ወደዚያ በር እየሮጠ ነበር። ስለዚች እናት የሚባለው «ኖ ፖዲያ ሳቤርሎ» ነው፤ «ልታውቅ አትችልም ነበር»። ተርጓሚው እንግሊዝኛውን ይዞ «ማወቅ አልቻለችም» ብሎ ቢጽፍ፥ ለማወቅ ሞክራ ያቃታት ያስመስላታል። ጥፋት ከሌለባት ሴት ላይ የአንዲት ፊደል ያህል ጥፋት ጣለባት ማለት ነው። የእንግሊዝኛው አንባቢ ሁለቱንም ሴቶች በአንድ «ኩድ ኖት» ሥር ያገኛቸዋል፤ ከአካባቢው ቃል ካልመረመረ በቀር የሚለይለት የለም።

ከሁሉ የሚከብደው የኮሎኔል ላሳሮ አፖንቴ ነገር ነው። የከተማዪቱ ሹም እርሱ ነው። ወሬውን ሰማ፤ ወደ ሱቁ ሄደ፤ ቢላዋዎቹን ቀማቸው፤ «ሂዱና ተኙ» ብሎ ሰደዳቸው። አላሰራቸውም። ክሎቲልዴ አርሜንታ ልጆቹን ከዚህ ዕዳ ለማዳን ሲባል እንኳ ይታሰሩ ብላ ብትለምነው አልሰማትም። እነርሱም ሄደው ሌላ ቢላዋ ይዘው ተመለሱ። እንግዲህ «ኤል ፖዴር» በእጁ የነበረ ሰው ይህ ነው፤ ስሙም ግሡም አልጐደሉትም። እስፓኙ ስለ እርሱ ምን ይላል? «ፑዶ ኢምፔዲርሎ» ይላል።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም በል። «ፑዶ» ማለት ሞክሮ ተሳካለት ማለት ነው ብለን አልነበረምን? ኮሎኔሉ ግን አልከለከለም፤ ሰውዬው ሞቷል። ሠንጠረዡ የማይናገረው ይህን ነው። ያው «ፑዶ» በመራራ ቃና ሲነገር ተገልብጦ «ሊከለክል ሲችል ዝም አለ» ማለት ይሆናል። አንዱ ቃል ያዳነውን ያመሰግናል፤ ያው ቃል ያላዳነውን ይከስሳል። የሚለየው የሚከተለው ዓረፍተ ነገርና የተናጋሪው ድምፅ ነው። ሠንጠረዡን ብቻ ያጠና ተርጓሚ «መከልከል ቻለ» ብሎ ቢጽፍ የሞተውን ሰው አስነሣው። «ሊከለክል ይችል ነበር» ብሎ ቢጽፍ ስሕተት አይሆንበትም፤ ግን ነገሩ ይቀዘቅዛል፤ እንደ ምሁር ግምት ይሆናል። በእኔ አስተያየት የዐማርኛው ትክክለኛ ወንድም «ሲችል» የሚለው ነው፤ «ማስቀረት ሲችል ለቀቃቸው»። ይህ አነጋገር በሽማግሌ ፊት፥ በለቅሶ ቤት፥ በዳኛ ችሎት በየቀኑ የሚሰማ ነው፤ «ሲችል ሳይሰጠኝ»፥ «ሲችል ሳይደርስልኝ»። ችሎታውን ያጸድቃል፥ ፈቃዱን ይኰንናል። ከውጭ ቋንቋ ተቀድቶ የመጣ ሳይሆን ከገዛ ቤታችን የተገኘ ነው፤ እስፓኙም በ«ፑዶ» ሊናገር የፈለገው ይህንኑ ነው።

መንታዎቹስ? ደራሲው እንደሚያሳየን፥ አንድ ሰው ይከለክለን ይሆናል ብለው የሚቻላቸውን ሁሉ ያደረጉ እነርሱ ናቸው፤ በግልጥ ተናገሩ፥ በአደባባይ ቢላዋ ሳሉ፥ ሰው በሚያያቸው ቦታ ተቀመጡ። አልተሳካላቸውም። ሦስት ዓመት በሪዮአቻ ወህኒ ፍርድ ሲጠብቁ ቈዩ፤ ጠበቃቸው ክብርን ለመጠበቅ የተደረገ ነው ብሎ ተከራከረ፥ ችሎቱም ተቀበለው። የግድያው ሰዎች «ኖ ፑዲዬሮን» የሚባልላቸው መግደል ሳይሆን አለመግደል ነው። ይህን በእንግሊዝኛው «ኩድ ኖት» ብቻ የተረጐመ ሰው፥ መንታዎቹ ክብራቸው አስገደዳቸው እንጂ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ ጠበቃውም የተናገረው ያንኑ ነበር። ደራሲው ግን ለጠበቃው አልፈረደም።

አንድ ቦታ ግን እስፓኝኛው ከእኛ ይበልጣል። ሳንቲያጎ ናሳር በእርግጥ ያችን ልጅ ደፍሯት ነበርን? መጽሐፉ አይነግረንም፤ መርማሪው ዳኛም ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ጉዳይ እስፓኙ «ፑዶ አቤር ሲዶ ኤል» ቢል ሁለት ነገር በአንድ አፍ ተናገረ። አንደኛው «እሱ ሳይሆን አልቀረ ይሆናል፥ ማን ያውቃል» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «እሱ በሆነ ነበር፥ ነገር ግን አልሆነም» የሚል ነው። ዐማርኛ ግን አንዱን ምረጥ ብሎ ተርጓሚውን ያስጨንቀዋል። «እሱ ሊሆን ይችል ነበር» ብንል ሟቹን ነጻ ወደ ማውጣት እናዘነብላለን። «እሱ ሆኖ ይሆናል» ብንል ደግሞ ወደ መክሰስ። ከላይ ጋዜጣዎቻችንን የነቀፍሁበት «ሊሆን ይችላል» እዚህ ቦታውን ያገኛል፤ ከሁለቱ ወደ አንዱም አይጠጋምና። እኔ ብተረጕመው «እሱ ሊሆን ይችላል» ብዬ እጽፍና፥ ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሳላስረዳ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።